ድልድዩ ላይ የምትጮኸው ቃጭል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሲዝኑ ተጀመረ። የምንደግፋቸው የኮሌጁ ልጆች አሸነፉ። ዳጊን ሳበሽቃት ዋልኩ። የእህቴ ልጅ ኮሌጁ ውስጥ አራት ዓመት ተምራ የቅርጫት ኳስ ሕግ ግን የኔን ያህል አታውቅም። እኔ ከሬዲዮ ነው የተማርኩት... ኳሱንም፣ እንግሊዝኛውንም።

ሹፌራችን ፀሐዩ ቫኑ ኋላ ላይ የባላጋራችንን አርማ ለጥፌበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጀምሮ የኛ ደጋፊ ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋበት ነዳ። "ዛሬ ሰው ምን ነካው?" ይላል። እኔ እንጃ አልኩት። ነገ መኪናውን ሲያጥብ ያየዋል።

የወልደአምላክ ወንበር አሁንም ባዶ ነው። የመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል። ማንም አይቀመጥበትም፤ ማንም አትቀመጡ አላለም። ወደዚህ ኳስ የጎተተን እሱ ነው። የኮሌጁ ጋራዥ ሠራተኛ ነበር፤ መጀመሪያ ትኬት አመጣልን፣ ቀጥሎ ማልያ፣ ቀጥሎ ሱሱን። ባለቤቱ ጌጤነሽ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። አሁንም እዚያው ትቀመጣለች፣ ከባዶው ጎን።

ቃጭሏ ናፈቀችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ስለ ቃጭሏ ማሰብ አልተውኩም። ደንባችን እንደ ጽዋ ማኅበር ነበር። ተራ የደረሰው የመንገዱን ስንቅ ያዘጋጃል፣ ቃጭሏን እቤቱ ያሳድራል፣ ጉዞ ስንወጣ የዊልሰን ድልድይ ላይ ይደውላታል። ማታ ለቀጣዩ ያስረክባል። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ተራው የወልደአምላክ ነበር። ቅዳሜ ልንጓዝ፣ ሐሙስ ዕለት ጋራዡ ውስጥ ልቡ ቀጥ አለች።

ቃጭሏ እሱ እጅ እንዳለች ቀረች። ሐዘን ቤት ገብቶ "ቃጭላችንን" የሚል ማን ነው? አርባው አለፈ፣ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ይሉኝታ ይዞን አንዳችንም አልጠየቅናትም። ተራውም ሳይረከብ እዚያው ቆመ። አሁን ስንቅ ከፎልስ ቸርች ሱቅ ገዝተን ነው የምንሄደው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወደ ሪችመንድ ሄድን። ጌጤነሽን አሌክሳንድሪያ ከቤቷ ልናነሳ የዊልሰን ድልድይ ላይ ወጣን። ፀሐዩ ይነዳል፣ ዳጊ ከፊት፣ እኔ መካከል ላይ። ቀኑ ብራ ነው። እየቀለድኩ ነበር... ምን እንደነበር እንኳ ጠፋኝ።

ጮኸች።

ቃጭሏ። ሦስት ጊዜ፣ ዘገም እያለች። እሱ እንደሚደውላት። ድምፁ የታፈነ ነው፣ ከውሃ ውስጥ እንደሚመጣ። ዞር አልኩ። ባዶው ወንበር። የደኅንነት ቀበቶው ብቻ ይወዛወዛል።

ፀሐዩ በመስታወቱ አየኝ። "ጋሼ፣ ይሄ እንኳ አያስቅም።"

"እኔ አይደለሁም።"

"ለጌጤ እንዳትነግር ብቻ" አለ። ዳጊ ዞር አለች። እጄን አየችው፣ ኪሴን አየችው።

ጌጤነሽ ስትገባ ሦስታችንም ኳስ ማውራት ጀመርን፣ በአንድ አፍ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እኔ ነኝ እንዴ? ሰው ሳያውቀው ይቀልዳል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዛሬ የሜዳችን ጨዋታ ነበር። ጌጤነሽን ይዘን በዚያው ድልድይ ወደ ሜሪላንድ እየተሻገርን... ደገመች። ሦስት ጊዜ። ከሷ ጎን።

ጌጤነሽ አልጮኸችም። ባዶው ወንበር ላይ እጇን አኖረች፣ ሰው የታመመ ግንባር እንደሚዳስስ። ወዲያው አነሳችው። "ቀዝቃዛ ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ፀሐዩ መኪናውን ዳር አስያዘ። "ጋሽ እንዳልካቸው! የሞተ ሰው ላይ? ሚስቱ ፊት?"

ሙሉ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። ኪሴን ገለበጥኩ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ። ቁልፍ፣ ማስቲካ፣ መነጽር።

"አጎቴ፣ ሲሪየስሊ" አለች ዳጊ። "አፕ ነው? ስልክህ ላይ ነው?"

ስልኬን ሰጠኋት። አየችው። መለሰችልኝ። አላመነችኝም። አርማ የለጠፈ፣ የጓደኛችንን የይስሐቅን ጫማ ደብቆ ሰፈር ለሰፈር ያንከራተተ ሰው እንዴት ይታመናል? ሠላሳ ዓመት ሳስቅ የኖርኩት ዛሬ ተሰበሰበና ምስክር ሆነብኝ።

ጨዋታው? አላየሁትም። ጌጤነሽ ከአጋማሹ በፊት በታክሲ ወደ ቤቷ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ጌጤነሽ ኮል አደረገችኝ።

"እንዳልክ፣ አንተ ነህ?"

"አይደለሁም ጌጤ። በወልዴ አፈር እምላለሁ።"

ቴሌቪዥን ይሰማል ከኋላዋ፣ ያለፈው ዓመት ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም።

"እኔ ነኝ በለኝ።"

"ምን?"

"አንተ ከሆንክ አልቀየምህም። እስቃለሁ። እኔ ነኝ በለኝና ልተኛ።"

አልኳት? አላልኩም። ኩራት ያዘኝ። ያላደረግኩትን እንዴት አደረግኩ እላለሁ? "ያላጠፋሁትን አላምንም" አልኩ፣ እንደ ፍርድ ቤት። "እሺ" ብላ ዘጋችው። ድምፅዋ የተቀየመ ሰው ድምፅ አልነበረም። የፈራ ሰው ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬ ጉዞ ነበር። አልጠሩኝም። ሎረል ያለው ወንድሜ ቤት ሄጄ ጨዋታውን በቴሌቪዥን አየሁ። ካሜራው ደጋፊውን ሲያሳይ ብርቱካን ኮፍያዬን ለመፈለግ ዓይኔ ዞረ። እዚህ ራሴ ላይ ነው እኮ ያለው።

ተሸንፈናል። እዚያ ብሆን አንዱን ቀልድ ጣል አድርጌ አስቃቸው ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

በር ተንኳኳ። ፀሐዩ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ዳጊ ከኋላው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ። ትላንት አንተ ሳትኖር ጮኸች።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማሸነፌ እኮ ነው፣ ግን ደስ አላለኝም።

ያው ፀሐዩ ነውና "ማጮኺያ ደብቆብናል" ብሎ ወዲያው ቫኑን ፈትሾታል። ምንጣፉን፣ ጣሪያውን። በመጨረሻ ከወልደአምላክ ወንበር በታች ያለውን የወለል ክዳን ከፈቱ፤ ማንም የማይከፍተው። የሱ ቦርሳ እዚያ አለ! ባለፈው ዓመት ሊጓዝ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ማታ፣ ቫኑን ሊያይ መጥቶ ራሱ ያስቀመጠው። ማልያው፣ ጓንቱ፣ ቃጭሏ። ውስጧ ግራጫ ካልሲ ተወትፎ፣ በክር ታስሮ።

"ሲምፕል ነው" አለች ዳጊ። "ድልድዩ መጋጠሚያ ብረት አለው። መኪናው ሲዘል ቦርሳው ይዘላል። ካልሲው ላላ ሲል ትጮኻለች። ዛትስ ኢት።"

"ታዲያ ባለፈው ዓመት ለምን አልጮኸችም?"

"አጎቴ፣ ፕሊስ።"

ሳቅን። ከልብ ነው የሳቅነው። ጌጤነሽ ቃጭሏን ስታይ ምን አለች ብዬ ጠየቅኩ። ተቀብላ እቅፏ ውስጥ አደረገቻት አሉኝ። ካልሲውን ሊፈቱት ሲሉ "ሳይፈታ ይቀመጥ፣ ተራው እስኪደርስ" አለች አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ተራው ተመለሰ! ጌጤነሽ የባሏን ተራ ጨረሰች። ጾሙ ስላለፈ ዶሮ በድስት ሙሉ ይዛ መጣች፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ከቫኑ ኋላ አጎረሰችን። አጠገባችን ያቆሙ የኮሌጁ ልጆች ሳንድዊች መስሏቸው ሽታውን ተከትለው መጡ። አንዱን አጎረስኩት፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ደገመ።

ድልድዩ ላይ ግን አልደወለችም። "የሱ ተራ ነው፤ እሱ ደውሎ ጨርሷል" አለች። እውነት ነው፣ ድልድዩ ላይ ምንም አልተሰማም። ወደ ቤት ስንመለስ ቃጭሏን እንደታሰረች አስረከበችኝ። ቀጣዩ እኔ ነኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሁሉም ቀልድ ጠበቁ። አልመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ፀሐዩን በስልክ ላስደነግጠው ፈለግኩ። ደውዬለት "ሃሎ" ሲል ቃጭሏን ጆሮው ላይ ላቃጭልበት። ለዚህ ብዬ ክሩን ፈታሁ፣ ካልሲውን ጎትቼ አወጣሁ።

ነቀነቅኳት። ምንም።

ወደ መስኮቱ ወስጄ ውስጧን አየሁ። ምላስ የምንላት፣ የምትመታዋ ብረት... የለችም። ካልሲው ውስጥ ፈለግኩ፣ ወለሉ ላይ ፈለግኩ። ማንጠልጠያዋ ብቻ አለ፣ ተጣሞ ተከፍቶ። በፒንሳ የተከፈተ ነው። አቧራው አሮጌ ነው።

ይቺ ቃጭል ጨርሶ ልትጮኽ አትችልም።

"ሃሎ? ጋሼ? ሃሎ?" ይላል ስልኩ ሶፋው ላይ። ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ለማን ልንገር? ጌጤነሽ እንቅልፍ ማግኘት ከጀመረች ገና ወር ሆኗታል። ፀሐዩ ድልድዩ ላይ እያፏጨ ይነዳል። ብነግራቸው ደግሞ ምላሷን አንተ አወለቅካት ይሉኛል... ይበሉ። እሱ አይደለም የጨነቀኝ። ቅዳሜ ተራዬ ነው። ድልድዩ ላይ ልደውል ነው። ባትጮኽ ጌጤ ታውቃለች።

ከዕቃ መሸጫው ብሎን ገዛሁ። በሽቦ አንጠለጠልኩት። ነቀነቅኳት፣ ጮኸች። ድምፁ ሌላ ነው። ቆርቆሮ።

ዕድሜዬን ሰው ላስቅ ዋሸሁ። ሰው እንዲተኛ ስዋሽ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ከጉዞ መመለሴ ነው። ኮቴን ሳላወልቅ እጽፋለሁ።

ጠዋት መጀመሪያ በሌላ መንገድ አሌክሳንድሪያ ሄደን ጌጤነሽን አነሳን፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ልንወጣ ወደ ድልድዩ ዞርን። ባለተራ ነኝና ከኋላ አስቀመጡኝ፣ ከጌጤ ጎን። የወልዴ ቦታ። የመጀመሪያ ጊዜ ነው ሰው ሲቀመጥበት። ፀሐዩና ዳጊ ከፊት ስለ ስንቁ ይጨቃጨቃሉ።

ጌጤነሽ ቃጭሏን ከእጄ ወሰደች። ገልብጣ ውስጧን አየች። ብሎኑን፣ ሽቦውን። ፊቴ ጋለ።

"ይሄንን አንተ ነህ ያደረግከው?" በሹክሹክታ ነው።

"አዎ።"

"ምላሷ እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ ናት" አለች። "ያን ረቡዕ ማታ ቤት ውስጥ እየደወለ አላስቀምጥ ሲለኝ ተደብቄ በፒንሳ አወለቅኳት። ካልሲውን እኔ ነኝ የወተፍኩበት፣ እንዳያይ። መንገድ ላይ እንዳታንኳኳ ነው አልኩት፣ አመነኝ። ድልድዩ ላይ ሲደውላት ዝም ስትለው ልስቅበት ነበር። አንተም እንድታየው።"

የጌጤ ቀልድ። ሳይፈነዳ የቀረ።

"ታዲያ የምትጮኸው ቃጭሏ እንዳልሆነች ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር..."

"ያን ቀን የደወልኩልህ ለምን መሰለህ?" አለች። "አንተ ካልሆንክ ሌላ ማን ይሆናል?"

እኔ ነኝ በለኝ። አሁን ገባኝ። አንድ ቃል ነበር የለመነችኝ፣ እኔ ደግሞ ስለ ንጹሕነቴ ስከራከር ነበር።

ሽቦውን ቀስ ብላ ፈታችው። ብሎኑን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረች፣ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። ባዶዋን ቃጭል ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

ድልድዩ ላይ ወጣን። ወንዙ ከታች ግራጫ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

ጮኸች። ሦስት ጊዜ፣ ዘገም እያለች። ጭኔ ላይ ንዝረቱ ተሰማኝ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ። እኔም ጌጤም ጣታችንን አላነቃነቅንም።

"ኧረ ጋሼ፣ ቀስ!" አለ ፀሐዩ እየሳቀ። "እንደሱ አደረግካት እኮ፣ ቁርጥ ወልዴ! አንተ ነህ?"

ጌጤነሽ አየችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።