አያ አረጋ የሌሉበት ማሳ

ማኅሌትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

በዚህ ካርድ ላይ ያለው የብልባላ ማሳ ፎቶ የእኔ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ያነሳሁት። ላሊበላ አንድ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ሳገኘው ደስ ብሎኝ ሁለት ገዛሁና፣ አንዱን ለማሳው ባለቤት ለአያ አረጋ ወሰድኩላቸው። ምነው ባልወሰድኩ!

ካርዱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ሲያዩ ቆዩና «እኔስ የታለሁ? መኻል ላይ ቆሜ አልነበር?» አሉኝ።

«ማሳው ጎልቶ እንዲታይ ብዬ በኮምፒዩተር አጠፋሁዎት» አልኳቸው። ስናገረው እንኳ አፈርኩ።

«ይህስ ደመና?»

ሰማዩ ባዶ ሆኖ ፎቶው ቢደርቅብኝ፣ ከሌላ ፎቶ አምጥቼ የለጠፍኩት ነው። እኛ ሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ማዶ ደመና አይጠፋም፤ ለእኔ ባዶ ሰማይ የፎቶ ጉድለት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ያን ክረምት ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ነው የከረሙት። ገብሱ ሳይበቅል ቀረ፤ ሁለቱም በሬዎቻቸው ሞቱባቸው፤ ልጃቸው ሙሉሃብትም ሥራ ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም።

«ይህን ያየ ሰው ዘንቦላቸው ነበር አይልም?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ማሳቸው ላይ እንደቆሙ ላነሳቸው ካሜራዬን ሳወጣ ፊታቸውን አዞሩ።

«ተይው ልጄ። ደግመሽ ልታጠፊኝ?»

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም እቀፊልኝ።

ፋና