ለጊዜው የተሰጠኝ ወንበር

ኪትዌ፣ ማክሰኞ፣ ኦገስት 13 ቀን 2019

የአንጀቴ ልጅ፣ ሙሶንዳዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። አቮካዶው ዘንድሮ አፍርቶ ጎረቤቱን ሁሉ አጥግቧል። በአውቶቡስ የላክሽው ደብዳቤ ቅዳሜ ማታ ደረሰኝ፤ ይኸው ሦስት ቀን መልሱን በሆዴ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። በስልክ ብነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል። መሃል ላይ «አይ እማዬ» ካልሽኝማ ጨርሼም አልናገረው። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የማዕድን ማውጫው አለቃሽ «ሠራተኞቹ እስኪለምዱሽ ድረስ ለጊዜው ጉድጓድ አትውረጂ፣ ላይ ሆነሽ የድንጋይ ናሙና መርምሪ» እንዳለሽ ጽፈሻል። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብሎሻል። «አንቺ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከመሬት በታች የሠራሽው ምን ትይኛለሽ? ልቀበል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ከመመለሴ በፊት ግን የዚያኑ ቅዳሜ ውሎዬን ላውራሽ። በተማርንበት ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ሴት ተመራቂዎች ማኅበር፣ ልጃገረዶቹ ስለ ሥራ ዓለም ይስሙ ብሎ ሦስታችንን ጋብዞን ነበር። ተማሪዎች ሳለን ማደሪያ ክፍል አሥራ አራት አብረን የኖርነውን ማለቴ ነው፤ ሐኪሟ ሙቲንታ፣ ዳኛዋ ኢኖንጌ፣ እኔ። መድረክ ላይ አንድ በአንድ ወጣን። «በርቱ፣ በሩ ክፍት ነው» አልን። ተጨበጨበልን።

ምሳ ላይ ሙቲንታ የንሺማ ገንፎዋን በጣቷ እየጠቀለለች ሳቀች። «ሃያ ስምንት ዓመት ሆድ ቀድጄ ሰፍቻለሁ። አሁንም በሽተኛው ሲነቃ ‹ሲስተር፣ ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?› ይለኛል።»

«አንቺስ ታድለሻል» አለች ኢኖንጌ። «እኛ ዳኞች ስንሰበሰብ ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አልቀዳም ብዬ ብቀመጥ ‹ክብርት ዳኛ፣ አሞዎት ነው እንዴ?› አሉኝ።»

«ታዲያ ይኼን ለልጆቹ ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ነግሬያቸው ማን ይማራል?»

ሳቅን። እኔ የራሴን አላወጣሁም። የእኔን እነሱም አያውቁትም።

ከሰዓት አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣችና «እማማ፣ መጀመሪያ ጉድጓድ የወረዱ ቀን ፈርተው ነበር?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት።

ሙሶንዳ፣ እኔ ጉድጓድ ወርጄ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ።

ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ፣ የራስ ቁር አድርጌ መብራት ይዤ ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደው አሳንሰር በር ላይ የቆምኩበት፣ እውነት ነው። በ1989 ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ነው የተነሳሁት። ፎቶ አንሺው እንደሄደ ወደ አሳንሰሩ ገባሁ። ተከትሎኝ የገባ ሰው የለም። ሰማንያ የሚሆን ወንድ ቆሞ ያየኛል። ሴት ከወረደች መዳቡ ይሸሻል፣ ድንጋዩም ይቆጣል ይሉ ነበር፤ አንቺም ሰምተሽዋል። ሽማግሌው የፈረቃ አለቃ ባ ካባሶ ቀስ ብለው መጡና በለሆሳስ ተናገሩ። ጮኸውብኝ ቢሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር።

«ልጄ፣ እኔ አትውረጂ አላልኩም። ግን ዛሬ ወርደሽ አንድ ድንጋይ ቢወድቅ፣ ማን ጣለው ይላሉ? ለጊዜው እዚህ ላይ ተቀመጪ፤ ድንጋዩን እኛው እናመጣልሻለን። ሲለምዱሽ ትወርጃለሽ።»

ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ጣሪያ ተደርምሶ ሁለት ሰው ሞተ። እኔ ላይ፣ ድንጋይ የምመረምርበት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ግን «አሳንሰሩን ረግጣው የለም እንዴ!» ተባለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የአንደኛው ሚስት ለቅሶ ላይ ባየችኝ ቁጥር ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ልውረድ ብዬ ለመጠየቅ አፍ አጣሁ፤ እነሱም መቼ ትወርጃለሽ ብለው አልጠየቁኝም። ያ «ለጊዜው» ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

ሥራውን አልንቅም። ከመሬት ሆድ ተሰርስሮ የወጣውን ድንጋይ በምላሴ እየቀመስኩ መዳቡ ወዴት እንደሚያመራ እነግራቸው ነበር፤ ብዙ ጊዜም አልሳትኩም። ከእኔ በኋላ የተቀጠረውን ሎምቤን ድንጋይ ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ወርዶ ያያል፤ እኔ ወርጄ አላይም። ስለዚህ የጻፍኩት ሪፖርት ላይ እሱ ፈረመ፣ ከዚያ አለቃዬ ሆነ። አንቺ ከተወለድሽ ወዲህ በስሜ የጠራኝ የለም፤ ሁሉም «ባና ሙሶንዳ» ነበር የሚለኝ። የአንቺ እናት መባል ያኮራኛል። ግን ሎምቤን የእገሌ አባት ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ እሱ «ኢንጂነር» ነበር።

ታዲያ አንቺ አምስት ዓመትሽ ላይ ፎቶውን እያየሽ «እማዬ፣ ታች ምን አለ?» አልሽኝ። ምንም አላውቅም ለማለት አፈርኩ። ባ ካባሶ የነገሩኝን ነገርኩሽ፤ ድንጋዩ እንደ ሰው ገላ እንደሚሞቅ፣ መብራት ሲጠፋ የራስ እጅ እንደማይታይ፣ ውሃው ሲንጠባጠብ ሰው የሚያወራ እንደሚመስል። ዓይንሽ ሲበራ ጊዜ በማግስቱ ጨመርኩልሽ። ትምህርት ቤት «እናቴ ከመሬት በታች ነው የምትሠራው» ብለሽ ስትኮሪ የፈሰሰ ውሃ ሆነብኝ። አባትሽ ያውቅ ነበር፤ ምስጢሬን ይዞልኝ ተቀበረ። አንቺም በእኔ ውሸት ተመርተሽ ጂኦሎጂስት ሆንሽ።

አምና ጡረታ ስወጣ የራስ ቁሬን ለንብረት ክፍሉ መለስኩ። ሰውዬው አገላብጦ አየውና ሳቀ። «ባና ሙሶንዳ፣ ይኼ እኮ አንድም ጭረት የለውም! ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።» እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ራት ሳልበላ ተኛሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። አትቀበዪ። አለቃሽ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ባ ካባሶም ክፉ አልነበሩም። ወንበሩ ይመቻል፣ ሻይ አለው፣ አቧራ የለውም። አንዴ ከተቀመጥሽበት ግን የሚያስነሳሽ የለም። ሰኞ ጠዋት የራስ ቁርሽን አድርጊና አሳንሰሩ ውስጥ ግቢ። ካልተከተሉሽም አትውጪ፤ እነሱ እስኪገቡ ቁሚ። ልትናደጂብኝ ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። ከፈለግሽ ለአንድ ዓመት አትጻፊልኝ። እንዳትቀመጪ ብቻ።

ይኼን ነገ ጠዋት ለአውቶቡሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ዓርብ ሳይመሽ እጅሽ ይገባል። ወርደሽ በሰላም የምትወጪ ያድርግሽ። ከላይም ከታችም ክፉ አይንካሽ።

ቁጣሽ የበረደ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ጻፊልኝ፤ ድንጋዩ እውነት ይሞቃል?

እናትሽ፣
ቺሌሼ ካፓምባ
ጂኦሎጂስት