ለአንተ ብቻ የተሠራው ካርድ

ለውድ ወንድሜ ለማረው አለምነህ፤

እንደምን ከረምክ ወንድምዓለሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀት አልጎዳህም? ያ በክረምቱ የያዘህ ወባ ጨርሶ ለቀቀህ ወይስ እያሰለሰ ይነሣብሃል? የውሃ ቦቴውን ስትነዳ ውለህ ማታ ማታ ይቆረጥመኛል ያልከኝ ወገብህስ? እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። ናፍቆትህ ግን እያደር ይብስብኛል እንጂ አልቀለለልኝም።

ሥራዬ የምታውቀው ነው። ወረታ ላይ የሰርግ ካርድ በእጇ የምትሠራ ሴት አለች ሲባል እስካሁን የሚስቅ አለ። ሽማግሌዎቹ «ዘመድ በቃል ይጠራል እንጂ በወረቀት ይጠራል?» ይሉኛል፤ ወጣቶቹ ደግሞ በስልካቸው ይላላካሉ። እኔ በመሀል ቁጭ ብዬ የሩዝ ገለባ እሰነጥቃለሁ። ሰንጥቄ፣ በካውያ ተኩሼ፣ በጠንካራው ወረቀት ጠርዝ ላይ ሐረግ እያስመሰልኩ ስለጥፈው ግን የሳቁብኝም ሳይቀሩ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ያዩታል። ጽሕፈቱን አባባ ባስተማሩኝ በመቃ ብዕር ነው የምጽፈው። ዘንድሮ ሥራው ቀዝቅዟል። ከይፋግም ከገጠሩም የሚመጣልኝ ጥቂት ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ሰው ሰርጉን አሳነሰ። የፎገራ ሜዳ ውሃም ዘግይቶ ነው የሸሸው፤ ትቶት የሄደው ወባ ያላንኳኳው በር የለም።

የእህታችን የንጋት ሰርግ የካቲት ዘጠኝ መሆኑን በስልክ ነግረንሃል። አንተም መምጣት ስላልሆነልህ «አባባ የሚጠሩኝን ካርድ በእጅሽ ሠርተሽ በካሴ ላኪልኝ፤ ራስጌዬ ላይ እሰቅለዋለሁ» ብለኸኝ ነበር። ካሴ እዚህ ዘመዶቹን ጠይቆ ወደ አንተው ወደ ጁባ ሊመለስ ነውና ተቀምጬ ሠራሁልህ። አጎታችን አያ አዛናው አጠገቤ ሆነው ቃሉን ነገሩኝ። ለሌላው ሰው ሁሉ የታደለው ካርድ በእናታችንና በእሳቸው ስም፣ «ወይዘሮ አምሳልና አቶ አዛናው» ብሎ ነው የሚጠራው። ለአንተ ብቻ ግን «አቶ አለምነህና ወይዘሮ አምሳል» ብዬ እንድጽፍ ታዘዝኩ።

ጻፍኩትም። የአባባን ስም እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። ቀለሙ ሲደርቅ ግን ለካሴ ልሰጠው አልሆነልኝም፤ ይህን ልጽፍልህ ሌላ ወረቀት ሳብኩ።

ማረው ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ሥራ ሳትወጣ፣ በማለዳ፣ የአገር ልጆች ይዞ እንዲሰጥህ ካሴን አስምዬዋለሁ። አጠገብህ የተቀመጡት ለዚህ ነው የመጡት። አባባ ጣራ ገዳም ጸበል ላይ አይደሉም። ስልክ የማይሠራበት ናቸው ያልንህ ውሸት ነው። በጥቅምት ወባው ያዛቸው፤ ሐኪም ቤትም ወስደናቸው ነበር፤ ሳይከርሙ አረፉ። ሕዳር ላይ አርባቸውን አወጣን። አባታችን የሉም።

ዘመድ ተማክሮ የደበቀህ ለክፋት አይደለም። «ብቻውን ነው፤ በሰው አገር ማን ይይዘዋል? መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ነው» ብለው ፈርተውልህ ነው። ሰርጉም የማይቀረው አባባ ራሳቸው «በእኔ ምክንያት ልጄ ሳትዳር እንዳትቀር» ብለው ስለተናዘዙ ነው። መርዶ በወረቀት መላክ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። አያ አዛናው ሲሰሙ «ዓይንሽን ላፈር» ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ ስዋሽህ አንደበቴ ችሎት ነበር። የሞተ አባትህ የጠራህን ካርድ ራስጌህ ላይ ሰቅለህ፣ ለሰው እያሳየህ ደስ ሲልህ ሲታየኝ ግን አንጀቴ አልቻለም። ካርዱን ልቅደደው ብል ስማቸው አለበት፤ ከዳዊታቸው መሀል አስገባሁት። እዚህ ፖስታ ውስጥ ያለው ለሰዉ ሁሉ የታደለው ነው። ቅር ካለህ በእኔ ይሁን፤ በእነሱ አትዘን።

አያ አዛናው ሰላም ይሉሃል። ንጋት ጉንጭህን ትስማለች፤ ያለ ከበሮ ነው የምትሞሸረው፤ ቅር አላላትም ብልህ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ካሴን ስለ እኔ አመስግነው፤ ከባድ ነገር ነው ያሸከምኩት።

እናታችን ይህን መጻፌን አታውቅም። ስልክ በደወልክ ቁጥር ፊቷን ታጥባ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ነው የምታነሣው፤ «ደህና ናቸው ልጄ፣ ጸበሉ ተስማምቷቸዋል» ትልህና ስትዘጋው ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ከሰው ሁሉ ጋር አልቅሳለች፤ ከበኩር ልጇ ጋር ግን ገና አላለቀሰችም። እባክህ ወንድሜ፣ አሁን ደውልላት። እንደምን አደርሽ አትበላት። አልቅስላት፤ እሷም ታልቅስ።

እህትህ ታይቱ አለምነህ
ወረታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.