ለአንድ ጠዋት የተለበሰ ሹራብ

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናው እንዴት ይዞሻል? ትምህርቱስ? አባትሽስ ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ እየዋለ ማታ ያቃስታል? ሰላም በይልኝ። እሱ ባያነሳኝም እኔ አነሳዋለሁ በይው። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ትንሽ ድካም ቢጤ አለብኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማ ስለዋለች ነው ብለሽ እለፊው። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው። ያቺ ደብተርሽን በቀይ እስክሪብቶ ስታዥጎረጉር የኖረች ሴትዮ ዛሬ መስመር መጠበቅ አቃታት ብለሽ ሳቂብኝ፤ አልቀየምሽም።

ይህን ደብዳቤና አብሮት ያለውን ጥቅል የሚያደርስልሽ ጋሽ ፊሽካ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ። መቼም አትረሺውም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ፊሽካውን ካንገቱ አላወለቀም። የጎረቤት ልጅ በአጥራቸው በኩል በሮጠ ቁጥር ይነፋል እያለች ሚስቱ ስሞታ ታሰማለች። ሻይ አጠጪው፤ ጥርሱ አልቋልና ዳቦውን ለስላሳ አድርጊለት። ስለ እኔ ብትጠይቂው ብዙ እንዳያወራ አስምዬዋለሁ፤ አታስቸግሪው።

ጥቅሉን ገና አትፍቺው። መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ነገሩ ስለ ሹራቡ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ስጽፍና ስቀድ የኖርኩት እሱን ነው። ያ ወይን ጠጅ ሹራብ፣ የመጀመሪያ ደረጃ የሚጨርሱ ልጆች በየዓመቱ የሚያሠሩት፣ ጀርባው ላይ የክፍሉ ልጆች ስም በሙሉ በነጭ ክር የሚጠለፍበት። የስንብት ሹራብ እንለው ነበር። ደንቡ ደግሞ አንድ መስመር ነበረ፤ ማንኛውም ተማሪ የመጨረሻው ፈተና ውጤት ተነግሮ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ የስንብት ሹራብ ለብሶ በግቢው ውስጥ አይገኝም፣ ለብሶ የተገኘ ለምክትል ርእሰ መምህር ያስረክባል የሚል። ያን መስመር የጻፍኩት እኔው ምክትሏ ነኝ።

በክፋት የጻፍኩት ይመስላችሁ ነበር። አይደለም። አንቺ ገና ትንሽ ሳለሽ አንድ ልጅ ዓመቱ ሳይጋመስ ሹራቡን ለብሶ ሲንጎራደድ ከረመና ፈተናውን ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ልጆቹ ተመራቂው ብለው ስም አወጡለት። ተመራቂው መጣ፤ ተመራቂው ጠመኔ አቀብለን። ወር እንኳ አልቆየም፣ ቀረ። እናቱ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ልትመልስ ስትመጣ ሹራቡንም አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝና ወጣች። ደንቡን የጻፍኩት በማግስቱ ነው። ልጅ እንዳያዝን ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ቢያንስ ይህን እወቂልኝ።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ የኔና ያንቺ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሽ ቀን በሩ ላይ አቁሜ፣ አክስትሽ እዚህ ውጭ ትቀራለች፣ ግቢ ውስጥ ስንገባ ምክትል ነኝ፣ አክስቴ እንዳትይኝ አልኩሽ። አንቺም ቀና ብለሽ አየሽኝና ታዲያ አክስቴ እስክወጣ ከዘበኛው ጋር ትጠብቀኛለች ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለሰው ሁሉ እያወራሁ ስንት ጊዜ ሳቅኩበት መሰለሽ።

የመጨረሻው ክፍል ስትደርሺ የክፍል አለቃ ተደርገሽ ተመረጥሽ። የመረጡሽ ልጆቹ ነበሩ። የሒሳብ መምህሩ ግን መምህራን ክፍል ውስጥ ሻዩን እያማሰለ፣ ሥልጣኑ በዘር ሆኗል ማለት ነው አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ባንቺ ላይ ጨከንኩ። ሌላው ሲያረፍድ ግባ እለዋለሁ፣ አንቺን አቆምሻለሁ። ሌላው ደብተር ሲረሳ እመክረዋለሁ፣ ባንቺ አባትሽን እጠራለሁ። አድልዎ የለብኝም ለማለት አንድ ልጅ ያስፈልገኝ ነበር፤ ያቺ ልጅ አንቺ ሆንሽ።

እናትሽ ያን ጊዜ ሆስፒታል ከገባች ሁለተኛ ወሯን ይዛ ነበር። አባትሽ ረጅም መንገድ ስለሚነዳ አንቺ የአባትሽ እናት ቤት ነበር የምታድሪው። የእናትሽ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ከውጭ አንዲት ጽድ ነበረች፣ ቁመቷ ገና ከመስኮቱ ደፍ ያላለፈ። እናትሽ ተኝታ በጣቷ ትለካትና ይህች ጽድ መስኮቱን ሳትደርስብኝ ከዚህ እወጣለሁ ትል ነበር።

ሹራቦቹ ቅዳሜ ዕለት ልክ እንዲታዩ ብለን ወደየቤታችሁ ላክናቸው፤ ሰኞ በየፌስታላቸው እንዲመለሱ። ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ከጋሽ ፊሽካ ጋር በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንቺ መጣሽ፤ ከደንብ ልብስሽ ኮት ሥር ወይን ጠጅ አንገት ብቅ ብሏል። እሱ ቀድሞ አይቶሻል፤ አይቶ እንዳላየ ወደ ሰማይ ቀና አለና ዝናብ ይመጣ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከኋላሽ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ከነሱ ኋላ የሒሳብ መምህሩ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል።

አውልቂ አልኩሽ። ምክትል፣ ዛሬ ብቻ ይፍቀዱልኝ አልሽኝ። አውልቂ አልኩሽ። እባክዎ አልሽኝ። ሦስተኛ ስልሽ አፍሽን ከፈት አድርገሽ ግቢውን አየሽ፣ ሰልፉን አየሽ፣ መልሰሽ ዘጋሽው። ምን ልትይኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። አክስቴ ልትይኝ ነበር። ኮትሽን አውልቀሽ ሹራቡን በአንገትሽ ጎትተሽ ስታወልቂው አያትሽ የሠራችልሽ ጸጉር ተበታተነ። አጥፈሽ ሰጠሽኝ። እኔ ደግሞ ለምን ለበስሽው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩሽም።

በዕረፍት ሰዓት ጋሽ ፊሽካ ቢሮዬ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ ቢሮዬን ረግጦት አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመና፣ ልጅቱ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ታለቅሳለች፣ ሹራቡን ለእናቷ ልታሳይ ኖሯል፣ ቅዳሜና እሑድ ጥየቃ አልነበረም፣ ጥየቃው ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ነው፣ ቤት ደርሳ ቀይራ ልትመለስ አትችልም፣ ለዚህ ነው ከጠዋት የለበሰችው አለኝ። ደንብ ነው አልኩት። ደንቡንማ አውቀዋለሁ፣ ፊሽካው እኔ አንገት ላይ ነው ያለው አለኝና ወጣ።

አሁን የምነግርሽን አታውቂውም። ሹራቡ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎ የቀረ ነው የሚመስልሽ። አልቀረም። ያን ቀን አሥር ሰዓት ሳይሞላ አውጥቼ ጥቁሩ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ እየቀረሽ ስትከተዪኝ፣ ሹራብሽ እኔ ትከሻ ላይ ነበር። የክፍሉ በር ላይ ስንደርስ አውጥቼ፣ ነይ ልበሺው፣ እዚህ ግቢው አይደለም ልልሽ አስቤያለሁ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስለማመድ ነው የሄድኩት።

በሩ ላይ ስደርስ እጄ ዚፑ ላይ ነበር። ወደ ውስጥ ሳይ መምህራኑ አሉ። ብርቱካን ገዝተው፣ ተሰብስበው እናትሽን ሊጠይቁ መጥተዋል፤ ያለችው አንዲት ወንበር ላይ የሒሳብ መምህሩ ተቀምጧል። ጠዋት በሰልፍ ፊት ያስወለቅኩሽን ከሰዓት በገዛ እጄ ሳለብስሽ ሊያየኝ ነው። የዚያ ሰውዬ ሳቅ ታየኝ። እጄን ከዚፑ ላይ አነሳሁት።

እናትሽ ገና እንዳየችን፣ ሹራቡ መጣ ወይ አለች። አንቺ ዞረሽ እኔን አየሽኝ። ገና ነው፣ ጠላፊዋ አዘገየችው አልኩ። እናትሽ ሳቀች፤ ያቺ ሴትዮ የሠርግ ቀሚሴንም እንደዚሁ አዘግይታ ልታዋርደኝ ነበር አለችና አሳላት። ከዚያ ስምሽን የት ጋ እንደሚጽፉት አይታወቅም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይታወቅም አልኳት። ሲመጣ ለብሳው ትምጣልኝ፣ እጠብቃለሁ አለች። አንቺ ውሸቴን እያወቅሽ አላጋለጥሽኝም፤ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጥሽና ደክሞሽ ነው መሰል ጭንቅላትሽን ጭኔ ላይ ያለው ቦርሳ ላይ ጣል አደረግሽ። ሹራቡ ላይ ነው የተኛሽው፣ የኔ ልጅ። እኔ ደግሞ በልቤ ነገ፣ ነገ ሰው ሳይኖር እያልኩ ጸጉርሽን እሰበስብልሽ ነበር።

ማክሰኞ ሁለታችንም ቶሎ ደረስን፤ ነርሷ በሩ ላይ ዛሬ ጥየቃ የለም አለችን። ቦርሳውን ይዤው ነበር። ረቡዕ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ ስልክ ተደወለ። ከዚያ ያለውን አልጽፈውም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ዕለት አርባ ልጆች ወይን ጠጅ ለብሰው ፎቶ ሲነሱ አንቺ ብቻ በደንብ ልብስሽ መሀላቸው ቆምሽ። ሹራቡን ይዤልሽ መጣሁ፤ ዛሬ ይፈቀዳል አልኩሽ። ለማን ብዬ አልሽኝ። በሳምንቱ አባትሽ ወሰደሽ።

ደንቡን ወዲያው የምሰርዘው ይመስልሽ ይሆናል። አልሰረዝኩትም። ብሰርዘው ያን ቀን ያደረግኩት ሁሉ በከንቱ ነበር ማለት ሆነብኝ፤ እልኸኛ ነኝ፣ እናትሽም ታውቀው ነበር። ስድስት ዓመት እዚያው በር ላይ ቆሜ ሳስወልቅ ኖርኩ። አምና ሥራዬን ሳስረክብ ነው ከሥሩ አንድ መስመር የጨመርኩት፤ ልጁ ለምን እንደለበሰው ሳይጠየቅ አይወሰድበትም የሚል። ጠላፊዋም ዘንድ ሄጄ ስሟን ያጠፋሁበትን ውሸት ነገርኳት። የሠርግ ቀሚሱንም ቢሆን አላዘገየሁትም፣ እሷ ናት ለልክ ስትጠራ ሦስት ጊዜ የቀረችው አለችኝ። ተያይዘን ስንስቅ ቆየንና ተያይዘን አለቀስን።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አይሞላም። እናትሽ ዓይኗ በሩ ላይ እንደሆነ ሄደች፤ የጠበቀችው ጭኔ ላይ ነበር። ይህን ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው። በየክረምቱ አጥቤ አጥፌዋለሁ፤ ክሩ አልለቀቀም። እናትሽ ለጠየቀችው መልሱን ላንቺ ልስጥሽ፤ ስምሽ ከቀኝ ትከሻው ሥር ነው፣ ከላይ ሦስተኛው። መቼም አሁን አይሆንሽም፤ እጅጌው ክርንሽ ላይ ነው የሚቀረው። ትከሻሽ ላይ ጣል ብታደርጊው ግን ይበቃል።

ያቺ ጽድ አድጋለች። ዛሬ ከትራሴ ቀና ብዬ ሳያት ጫፏ አይታየኝም፤ መስኮቱን ሞልታ ጣሪያውን አልፋለች። ነርሶቹ ተቀይረዋል፣ የግድግዳው ቀለም ተቀይሯል፤ ጥየቃው ግን እንደ ድሮው ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ነው። ጋሽ ፊሽካ መንገዱን ያውቀዋል። ብትመጪ ከሱ ጋር ነይ። ብቻ ነገ አትበይ፤ ነገ ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ዕድሜሽ ይርዘም። ስትወጪ ስትገቢ ክፉ አይይሽ። የምትወጂውን ሰው በር ላይ ከማቆም ይሰውርሽ። ልጅ ስትወልጂ፣ ለምን ብለሽ የምትጠይቂ እናት ያድርግሽ።

ከዘበኛው ጋር በሩ ላይ የቀረችው
አክስትሽ