በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ቀብር

ረቡዕ፣ ጥር 9

ለእታለም፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ አለን። ትምህርት ቤት ከተመለስኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። መምህራኑ ስሜን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያናድደኛል።

የጋሼን ቀብር እንድታዪበት የላክሁልሽ ሊንክ ለምን እንደማይከፈት ጠይቀሻል። ልንገርሽ።

ወንድማችን ጋሼ ከጣራ የወደቀው የኢንተርኔት ገመድ ሲዘረጋ ስለሆነ የሚሠራበት ድርጅት አለቃ ቀብሩ በድርጅቱ መስመር በቀጥታ እንዲተላለፍ ፈቀደ። ግን በመልቲካስት ብቻ አለ። አንድ ቅጂ ይለቀቃል፤ መገናኛው ላይ እየተባዛ አራት መቶ ቤት በአንዴ ይደርሳል፤ መስመሩ አይጨናነቅም። የዘገየ አመለጠው፤ እንዳንቺ ከመስመሩ ውጪ ላለ ደግሞ ከነጭራሹ አይደርስም። ጋሼ ከአለቃው ጋር ሁልጊዜ የሚጨቃጨቀው "ካሽ" ስለሚሉት፣ ለዘገየ ሰው ቅጂ ስለሚያስቀምጠው ሣጥን ነበር። "እማዬ ለዘገየ ልጅ ሳህን ከድና እንደምታቆየው ነው" ይል ነበር። አለቃው ግን ቦታ ማባከን አልፈለገም።

"ቀብር ደጋግሞ የሚያይ ማን አለ?" አለኝ።

"እህቴ" አልኩት።

ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቅጂውን ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠልኝ፤ የይለፍ ቃሉንም ሰጠኝ። ከውጪ አገርም የሚከፍተውን ሊንክ የዚያኑ ቀን ላክሁልሽ።

በማግስቱ ደወልሽ። ፈረቃ ላይ ነበርኩ አልሽ፤ ይሁን። ከዚያ ደግሞ፣ "እሑድ እረፍት ነኝ፣ ያኔ ረጋ ብዬ አየዋለሁ" አልሽ።

ስልኩን ዘግቼ ሣጥኑን ከፈትኩና ቅጂውን አጠፋሁት። ሌላ ቅጂ የለም። እሑድ ባዶ ስክሪን ላይ ስታፈጥጪ እያሰብኩ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

እማዬን ግን አላሰብኳትም። በቀብሩ ቀን ሐኪሙ በወጋት መርፌ ተኝታ ነው የዋለችው፤ ጋሼ አፈር ሲለብስ አላየችም። ትናንት መነጽሯን ወልውላ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠችና፣ "በል ክፈትልኝ፣ አሁን እችላለሁ" አለችኝ።

ሣጥኑ ማንም ያልጠየቀውን ነገር ቦታ ለማስለቀቅ ራሱ ይጥለዋል አልኳት። ይህ እውነት ነው። የጋሼን ቀብርም ማንም ልየው ብሎ አልጠየቀውም አልኳት።

"እህትህም?"

"እሷም።"

መነጽሯን አወለቀች። ዛሬ ጠዋት ስትደውዪላት ስልኩን አየችው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ውሃ ላምጣልሽ ወይ ብያት ተመለስኩ።

አንቺ ግን መደወልሽን አታቁሚ። ጤና ይስጥሽ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ።

የቀረሽ ወንድምሽ