በምስማር ላይ የቀሩ አሥራ አንድ ሽርጦች

ለክቡር የሠራተኛ ማቆያ ድጎማ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ከዚራ፣ ድሬዳዋ
የካቲት ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ጥቅምት ከከዚራ ጥላ ወጥተው እኛ ቆዳ መጋዘን ድረስ በመምጣትዎ፣ ፀሐዩ ራስ ምታት አትርፎልዎት እንዳይሆን ስሰጋ ከርሜያለሁ። እኔን የጠየቁኝ እንደሆነ እህል እቀምሳለሁ፤ እንቅልፍ ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ ሸሽቶኛል። ምናልባት ቢያስታውሱኝ፣ አለምብርሃን ነኝ፤ የመጋዘኑ ሠራተኞች ካቦ፣ ባርኔጣዎን ይዤ በሩ ላይ የቆምኩት።

በቅድሚያ ምስጋና ይድረስዎ። የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ ጨው ያለበስነው ቆዳ ጅቡቲ ላይ መርከብ ባጣ ጊዜ፣ አሠሪያችን ሰው እንዳያሰናብቱ መንግሥት የደመወዛችንን እኩሌታ ሊከፍል መነሣቱ ታላቅ ቸርነት ነው። ቸርነቱ እርስዎ በመጡበት ሰዓት በዓይንዎ ባዩት ሰው ልክ መለካቱ ደግሞ የጥንቃቄዎ ምስክር ነው። ጥንቃቄው ያስከተለብንን እነሆ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የመጡት አርብ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለከተማችን አዲስ ስለሆኑ አልፈርድብዎትም፤ በዚያ ሰዓት ከአሥራ ዘጠኛችን አሥራ አንዱ ጁምዓ ሶላት ላይ ነበሩ። እኛ ስምንቱ ክርስቲያኖች ያን ጊዜ የእነሱን ሥራ እንሸፍናለን፤ ለገብርኤል ቁልቢ ስንወጣ እነሱ የእኛን ይሸፍናሉ። ይህ በመሥሪያ ቤት ደንብ ላይ ተጽፎ ስለማይገኝ ቢያመልጥዎት አይገርምም።

፪ኛ. ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አሥራ አንድ የሸራ ሽርጦች አይተው የማን እንደሆኑ ጠይቀውኛል። በእኛ ዘንድ ሥራ የለቀቀ ሰው ሽርጡን ይዞ ይሄዳል፤ ምስማሩ ላይ የተወው ተመልሶ የሚመጣ ነው። ይህን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በሥራ ሰዓት ሰው ወጥቷል ብለው ድጎማውን ጨርሰው እንዳይነሡን ፈራሁና፣ ሽርጦቹ ትርፍ ናቸው፣ ያለነው እነዚሁ ነን አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነብኝ። እርስዎም ስምንት ብለው ጻፉ፤ ባርኔጣዎን ተቀብለውኝም ሄዱ። ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀርብበትን ቢሮ ስላላወቅሁ እዚሁ አስገባሁት።

፫ኛ. አሠሪያችን ድጎማ ያልመጣላቸውን አሥራ አንዱን አሰናበቱ። አንዱ ዓዋሌ ነው፤ ቆዳ እንዴት ጨው እንደሚለብስ ያስተማረኝ፣ ሚስቴ በወለደች ጊዜም ሦስት ቀን የእኔን ድርሻ የሠራልኝ። ሽርጡን ሊወስድ በመጣ ዕለት፣ ማን እንደካደው ሳያውቅ፣ አንተ እንኳን ተረፍክ ብሎ እኔን አጽናናኝ። አፈርኩ፤ አፍሬም እውነቱን ደበቅሁት። አሁን ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ወርዶ ለግንበኞች አሸዋ ይጭናል። እኔ በድልድዩ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

፬ኛ. በታኅሣሥ ዝርዝሩ ይታረም ብዬ ባመለክት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንደማይነካ በአክብሮት ተነገረኝ። እንግዲያስ የእኔ ስም ወጥቶ የዓዋሌ ይግባ ብል፣ የወጣ ሰው ድጎማ ይሰረዛል እንጂ ለሌላ አይተላለፍም ተባልኩ። ለሠራተኛ ማቆያ በተቋቋመ ቢሮ መውጣት ብቻ እንደሚፈቀድ ስረዳ ጥበቡን አደነቅሁ።

ስለዚህ መጋቢት ላይ ዝርዝሩ ሲታደስ መጥተው እንደገና ይቁጠሩን፤ አሥራ አንዱንም በር ላይ አሰልፌ እጠብቅዎታለሁ። ዋሽቶ ያስቆጠረ ይቀጣ ካሉ እኔ ልቀጣ። ይህን ደብዳቤ አሸዋው ድረስ ወርጄ ለዓዋሌ አንብቤለታለሁ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና አካፋውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ የሚብስ ቅጣት ጽሕፈት ቤትዎ ያለው አይመስለኝም።

ባርኔጣዎን ደግሞ ለመያዝ፣ ዳግመኛ ግን ላለመዋሸት የተዘጋጀው፣
በዝርዝርዎ ስምንተኛ የሆነው ታዛዥዎ፣
አለምብርሃን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማመልከቻዬን ያመጣሁ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሮዎ ባዶ ነበር። አምስት ወንበሮች ላይ አምስት ኮቶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ የእርስዎ ነው። ዘበኛው ምሳ ሄደው ነው፣ ይመለሳሉ አለኝ። እኔም አመንኩት፤ አንዳችሁንም ከሥራ አላስወጣሁም።