ሁለት ሴኮንድ ለመደቡልኝ ዳይሬክተር

ለሐይቅ መጓጓዣ ጤና ፈቃድ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር፣
ለክቡር አቶ ሬይዮ ላምፒላ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጆሮዎ ፍጹም ጤንነት እመኛለሁ። ሄልካ ኑርሚኮስኪ እባላለሁ፤ እዚህ በምሥራቅ ፊንላንድ መኪና የምታሻግረውን ጀልባ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ከሰኔ ወዲህ ግን በመሥሪያ ቤትዎ ቸርነት “መስማት የተሳናት” ተብዬ፣ ፈቃዴን ተነጥቄ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አዲሱ የመስማት መፈተኛ ሶፍትዌር አመሰግናለሁ። በማዳመጫው አንዲት ሴት በነፋስ ጩኸት መሀል ሠላሳ ጊዜ ሦስት ሦስት ቁጥሮች ትጠራለች፤ ተፈታኙም የሰማውን ይጫናል። ሠላሳውንም ጊዜ ሰምቻታለሁ። ነገር ግን እኔ ያደግሁት፣ እንደ እርስዎ ሁሉ፣ ሰው ተናግሮ መጨረሱ ሳይረጋገጥ መመለስ ነውር በሆነበት አገር ስለሆነ፣ የምትጨምረው ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ በየጊዜው ጥቂት ጠበቅኋት። ክቡርነትዎ የመልሱን ጊዜ በሁለት ሴኮንድ ገድበውት ስለነበር ሃያ ሰባቱ መልሶቼ “አልሰማችም” ተብለው ተመዘገቡ። ባለቤቴ ካሌርቮ እንጋባ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሐይቁን ተሻግረን እስክንመለስ ዝም ብሎ ነበር፤ ደንቆሮ ነው ብዬ ግን አልተውኩትም።

፪. ስለ ፈታኟ ስለ ወይዘሮ ማርኬታም አመሰግናለሁ። “ሄልካ፣ አይቼሻለሁ እኮ፤ የጫንሽው ሁሉ ልክ ነው። ምን ላድርግ፣ ማሽኑ እየቀደመሽ ይዘጋል” አለችኝ። ሁለት ሴኮንድ ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ ብጠይቃት “እሱ ከላይ የመጣ ነው፤ እኔን አታስገቢኝ” ብላ ካፖርቴን አቀበለችኝ።

፫. አቤቱታዬን ለመመለስ ዘጠኝ ሳምንት ፈጅቶብዎታል። እኔ ግን መስማት የተሳናቸው ብዬ አልመዘገብኩዎትም።

፬. በምትኬ የላኩልን ሰው ከሠላሳ ሠላሳ ያገኘ ፈጣን ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት በጉም ውስጥ የዓሣ አጥማጆችን ጥሩንባ እንደሰማ፣ ከየት በኩል እንደመጣ ሳያጣራ ወዲያው መሪውን ጠመዘዘና የጀልባ ማረፊያውን ገጨው። ሰው አለመጎዳቱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ፍጥነቱ ግን የእርስዎ ነው።

እንግዲህ የመልሱ ጊዜ አሥር ሴኮንድ ተደርጎ ዳግም እንድፈተንና ፈቃዴ እንዲመለስልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ወንበርዎ እስካለ ድረስ አክባሪዎ፣
ደንቆሮዋ ሄልካ ኑርሚኮስኪ

ማስታወሻ፦ የመንግሥትን ሰነድ ጠይቆ ማየት የማንኛውም ዜጋ መብት ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ በሠራተኞችዎ ላይ የተሞከረበትን መዝገብ ጠይቄ ነበር፤ የመዝገብ ቤት ሰዎችዎም ደንብ አክባሪዎች ናቸውና አንድ ገጽ ሳያስቀሩ በማግስቱ ላኩልኝ። ክቡርነትዎ በሁለት ሴኮንድ ያገኙት ከሠላሳው ዘጠኙን ብቻ ነው። ከውጤቱ ጎን “ለእኔ አምስት ሴኮንድ ተደርጎ ይደገም” ብለው ፈርመዋል፤ ተደግሞም አልፈዋል። ይህን ደብዳቤ የሚያወጣልኝ የአካባቢያችን ጋዜጣም ገጹን አጠገቡ አትሞልኛል። የእጅ ጽሕፈትዎ ግልጽ ስለሆነ አንባቢ አይቸገርም።